ብየዳውን ጨምሮ

“ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ! ከዚህ በላይ የሚሰጥሽ ሰው ካለ አምጪልኝና እኔም መኪናዬን ልሽጥለት!”

ደላላው ይህን እያለ ኮፈኑን በመዳፉ ጠፈጠፈው። ሾፌሯ ደሟ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታክሲ የሠራችባት፣ ጎማዋን ራሷ ስትቀይር የኖረችባት መኪና ናት። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ መትቷት አያውቅም።

ደላላውን “ቀንጥሰው” ይሉታል። ከሻጭም ከገዢም ሳይቀነጥስ ውሎ ስለማያውቅ ነው፤ እሱም በስሙ አይቀየምም። ወደ ግቢዋ ያመጣው ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ በሕይወቱ መኪና ገዝቶም ሸጦም አያውቅም። በቤተሰቡ ውስጥ ግን የመኪና አዋቂ ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። ለምን ቢባል ወንድ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም።

ቀንጥሰው ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ጀመር። “አንደኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለተኛ፣ ታክሲ ናት። ሦስተኛ፣ ቀለሟ የፋብሪካ አይደለም። አራተኛ፣ አትቀየሚኝና እህቴ፣ ሴት የነዳችው ናት። ሴት የነዳችው መኪና ፍሪሲዮን አይበረክትላትም።”

“ፍሪሲዮን የቀየርኩት በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ብቻ ነው። አንተ የራስህን ስንቴ ቀየርክ?”

“እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው።”

“ተወው፣ ለኔ አትበል።”

ወንድሟ ጣልቃ ገባ። “አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ሰውየው እኔን አክብሮ ነው የመጣው።”

“ወንድም ጋሼ፣ አንተን ካከበረ አንተን ይግዛ።”

ቀንጥሰው ሳቀ፤ ወንድሟ አልሳቀም። እስከ ዓርብ እንድታስብበት ነግረዋት ሄዱ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሾፌሯ የምትፈልገው አምስት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው። መኪናዋን የሚሠራላት መካኒክ አንድ የተጣለ ሚኒባስ ገዝቶ እንደ አዲስ አድርጎታል፣ ግማሹን በዚያ ዋጋ ሊሸጥላት ቃል ገብቷል። ግማሹ በስሟ ይጻፋል፣ የምትነዳውም እሷ ናት። በትንሿ መኪና በቀን አሥራ አራት ሰዓት ነድታ የሚተርፋት የወገብ ሕመም ሆኗል። ግን መካኒኩም የመለዋወጫ ዕዳ አለበት፣ ሌላ ገዢም በሩ ላይ ቆሟል። ከዓርብ ስድስት ሰዓት በኋላ መጠበቅ አይችልም።

እናቷ ከውስጥ ክፍል ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

“የዚያን ሰውዬ ስልክ ደውይልኝ።”

“ምን ሊሉት ነው እማዬ?”

“መኪና ልገዛው ነዋ!”

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። እናቷ ድምፃቸውን አለሳለሱና ለልጃቸው መኪና እንደሚፈልጉ ነገሩት፤ ዓይነቱንም የልጃቸውን መኪና ዓይነት ጠሩለት።

“አንድ አለችኝ እናቴ፣ እንቁላል የመሰለች!” አለ ቀንጥሰው። “ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን እሱን አይዩ። የዛሬዎቹ ጣሳ ናቸው፣ ይቺ የድሮ ላሜራ ናት!”

“ታክሲ ነበረች እንዴ ልጄ?”

“ነበረች። ታክሲ ደግሞ ከጋራዥ አትጠፋም፣ እንደ ሕፃን ነው የምትያዘው።”

“ቀለሟስ?”

“ገና አሁን ነው የታደሰው!”

“ማን ነበር የሚነዳት?”

“ሴት! ሴት የነዳችው ናት እናቴ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይግዙ!”

ሾፌሯ ሳቋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እናቷ ዋጋውን ጠየቁ። ስድስት መቶ ሺህ ነው፤ ለእርሳቸው ሲባል ግን አምስት መቶ ዘጠና። ልጄን ላማክር ብለው ዘጉት።

“ሌባ!” አሉ እናቷ ስልኩን እያዩ። “በይ ተነሺ፣ ዋጋሽን ራስሽ አውጪ። ማንም እንዳያወጣልሽ።”

በማግስቱ ጠዋት ወደ መካኒኩ ጋራዥ ሄደች።

“አይተሃት እንደማታውቅ አድርገህ እያት። እንዳታዝንልኝ።”

መካኒኩ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቁሞ የእጅ ባትሪውን ይዞ ከሥሯ ገባ። ሾፌሯ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

“ሰው የሚጠራውን አትጻፊ፣ የተከፈለውን ጻፊ፤” አለ ከታች። “ባለፈው ወር የሷ ዓይነት ሁለት ተሽጠዋል፣ አንዷ በአምስት መቶ ሃምሳ፣ ሌላዋ በአምስት መቶ ስድሳ። በስድሳው ጀምሪ።”

“ጻፍኩ። ሞተሩን ከሁለት ዓመት በፊት ነው አስወርጄ ያሳደስኩት፣ ደረሰኙ አለኝ።”

“ሃያ ጨምሪ። የኋላ ጎማዎቹ ግን መላጣ ናቸው፣ ሃያ ቀንሺ። መሪዋ ይጫወታል፣ አሥር።” ከዚያ ባትሪውን አጠፋ። “ብየዳውስ?” አለችው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ጎኗን ገጭቷት፣ ሻንሲዋ በቀኝ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። የበየደው ራሱ መካኒኩ ነው።

“ብየዳውስ ስንት ያስቀንሳል?”

“ጥሩ ብየዳ ነው እኮ፣ የኔ እጅ ነው።”

“እጅህን አልጠየቅኩህም።”

“አርባ፤” አለ ቅር እያለው።

ደመረች፣ ቀነሰች። አምስት መቶ አሥር ሺህ። እንደገና ብትሠራውም ያው ነው።

መካኒኩ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወረቀቱን አየ። “ለሚኒባሱ የጎደለሽ ልክ አርባ ነው። እህት ዓለም፣ አንድ ጣሳ ካትራሜ እንቀባዋለን፤ ሥሯ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ማን ያየዋል?”

ፈለገች። ምን ይደበቃል፣ በጣም ፈለገች። ሚኒባሱ እዚያው አጠገቧ ቆሟል፤ ወንበሮቹ እንኳ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። አንድ ጣሳ ጥቁር ቅባት ብቻ ነው የቀራት።

“ትናንት አንድ ሰው መኪናዬን በሐሰት ሲያዋርድብኝ ነው የዋለው፤” አለች በመጨረሻ። “ዛሬ እኔ በሐሰት ላስጊጣት? እሱስ ደላላ ነው፣ ሥራው ነው። እኔ ምን ልበል?”

በትልልቅ ፊደል ጽፋ የኋላ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። “510,000። በቀኝ በኩል ሻንሲዋ ብየዳ አለው፤ ዋጋው ላይ ታስቧል። አይቀንስም።” ከሥሩ ስልክ ቁጥሯን አስከተለች።

ዓርብ ጠዋት ቀንጥሰው ወንድሟን ይዞ መጣ። ወረቀቱን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። መንጭቆ አነሳውና ጨማድዶ መሬት ላይ ጣለው።

“ምን ነካሽ! ገዢ ይዤ መጥቼ፣ ሰውየው ውጭ መኪና እያቆመ!” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አምስት መቶ ሃምሳ ላንቺ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለኔ ተዪው። ተጋጭታ ታውቃለች ወይ ካለሽ አታውቅም በይ። በቃ።”

“ረቡዕ ዕለት ሦስት መቶ ሰማንያ ነበረች። በሁለት ቀን ወጣት ሆነች?”

“አንድ ቃል እኮ ናት፤” አለ ወንድሟ። “ሚኒባሱን አትፈልጊውም?”

ገዢው ገባ። የዳቦ ቤት ባለቤት ነው፣ ዳቦ በየሱቁ የሚያደርስበት መኪና ቸግሮታል። በሮቹን ከፈተ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን በክንዱ ለካ፣ ሞተሯን አስነስቶ ሰማ። ወደዳት፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ሾፌሯ ዞረ።

“ተጋጭታ ታውቃለች?”

ቀንጥሰው ሳል ሳል አለው።

“ታውቃለች፤” አለች። “ና በቀኝ በኩል ጎንበስ በልና እይ። ብየዳው እሱ ነው። ዋጋዋ አምስት መቶ አሥር ነው።”

ባለ ዳቦ ቤቱ ጎንበስ ብሎ አየና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። “ብየዳ ካላትማ አራት መቶ ሃምሳ።”

“ብየዳውን ቀንሼ ነው የነገርኩህ። አንድን ብየዳ ሁለቴ አልቀንስም።”

“ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?”

“አውቀህ እንድትገዛ ነው የነገርኩህ። እንድትቀጣኝ አይደለም።”

ሰውየው ወደ ቀንጥሰው አየ፣ ወደ መኪናዋ አየ፣ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ቀንጥሰው እየተራገመ ተከተለው። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ፣ “በገዛ እጅሽ! ዓይናችን እያየ በገዛ እጅሽ!” አለ።

“አዎ ወንድም ጋሼ፣ በገዛ እጄ። በሰው እጅ ከሚሆን ይሻለኛል።”

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መካኒኩ ደወለ።

“ያ ሌላው የሚኒባሱ ገዢ ብሩን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ምን ልበለው?”

እንባዋ መጣ። ለምን ይዋሻል፣ አለቀሰች።

“ስጠው፤” አለች።

ስልኩን ዘግታ ፊቷን ታጠበች። የተጨማደደውን ወረቀት ከመሬት አንስታ በመዳፏ ዘረጋችውና ቦታው ላይ መልሳ ለጠፈችው፤ በዚህ ጊዜ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር አጣበቀች። ከዚያ ሞተሯን አስነስታ ወደ ሥራዋ ወጣች።

በየመብራቱ ከኋላ ያሉ ሾፌሮች ጽሑፉን እያነበቡ ይሳሳቃሉ። አንዱ እንዲያውም ጥሩምባ ነፋላት። ይንፋ! እሷ ዞራም አላየችው። የገበያው መታጠፊያ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው እጁን አነሳና ከመግባቱ በፊት ከኋላ ቆሞ ወረቀቱን አነበበ።

“ይሄ የተጻፈው እውነት ነው?” አለ ጎኗ እየተቀመጠ።

“የቱ?”

“ብየዳው።”

“እውነት ነው። ዋጋውም እውነት ነው።”

“ትንሽ አይቀንስም?”

“ሁሉንም አላነበብከውም ማለት ነው፤” አለችና ማርሽ አስገባች። “ወዴት ነህ?”