ከወርቅ ቁፋሮው የመጡት

ስርጉትና እዩኤል አሶሳ አብረው ተምረው የብቃት ምዘናውንም አብረው አለፉ። የጤና መኮንንነት ፈቃዳቸውን በያዙ በወሩ ከሆሞሻ ወዲያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመደቡ። እዚያ ከእነሱ በላይ የሚጠየቅ ባለሙያ አልነበረም። ነባሩ ነርስ ጅረኛ ሲቀበላቸው፣ እዚህ አካባቢ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውና ብዙ አትጨነቁ አላቸው።

ገና ሥራውን ሳይለምዱት አንድ ጎልማሳ ከወርቅ ቁፋሮው በወንድሙ ተደግፎ መጣ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል። የወባ ምርመራው ምንም አላሳየም። ስርጉት አፉን ስታስከፍተው ድዱ ይደማል። ደም የቀዳችበትን ቦታ በጥጥ ብትይዘውም ደሙ አልቆም አላት።

ወንድሙ ሐሚድ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን ያወቀው ገበያ ላይ ነው።

"ቁፋሮ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ እንደዚህ ታሟል" አላት። "አንድ ሴት ደግሞ ትናንት ሞተ። ቀበርነው።"

"ሬሳዋን ማን አጠበው?"

"ሴቶቹ። እናቴም አጠበ።"

በሽታው በንክኪ እንደሚተላለፍ የጠረጠረችው ስርጉት ፊቷ እንዳያስታውቅባት ዞር አለች። ታማሚውን ለብቻው ክፍል አስገብታ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደወለች። ናሙና የሚወስድ መኪና እንደሚላክ ነገሯት፤ እስከዚያ ሕዝቡን እንዳታስደነግጥ አደራ አሏት።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ደም አስመለሰና ከአልጋው ሊወድቅ ሲል እዩኤልና ጅረኛ ተሯሩጠው ያዙት። ጓንት አልቆ ነበር። እዩኤል እጁን በበረኪና ደጋግሞ ሲታጠብ ስርጉት አጠገቡ ቆማ ውሃ አፈሰሰችለት።

ሰውየው በማግስቱ ሞተ። ሐሚድ ሬሳውን ልውሰድ ሲል ስርጉት ለምን እንደማይሆን በትዕግሥት አስረዳችው። ሰምቷት ሲያበቃ፣ "እናቴ ፊቱን ማየት ይፈልጋል" አላት። እናትየዋ መጥታ ልጇን በመስኮት አየችው። ስትቆም መስኮቱን በሁለት እጇ ተደግፋ ነበር፤ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ስርጉት ከሐዘን ይሁን ከትኩሳት መለየት አልቻለችም።

ሳምንት ሳይሞላ እዩኤል አንድ ጠዋት ለቁርስ ሳይወጣ ቀረ። ሄዳ ብታንኳኳ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

"እዩኤል፣ ክፈትልኝ።"

"አልከፍትም። አተኩሶኛል።"

"ወባ ይሆናል።"

"ስርጉትዬ፣ መርምሬዋለሁ። አይደለም።"

ይላካል የተባለው መኪና የመጣው የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ነው። ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች ወርደው እዩኤልን ወሰዱት። በእግሩ ሄዶ ገባ፤ ሲያልፍ እንዳትቀርበው በእጁ ከለከላት። አብሬው ልሂድ ብትል፣ ጣቢያው ያለ ሰው አይቀርም አሏት። ያኔ ጅረኛን ፈለገችው። የጥበቃ ሠራተኛው በማለዳ አውቶቡስ ባምባሲ፣ ልጆቹ ዘንድ እንደሄደ ነገራት። ደጋግማ ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነበር።

ስልኩን ገና ሳታስቀምጥ በቁፋሮው መንገድ ሰዎች ሲመጡ ታዩ። አንዳንዶቹ ሌሎቹን ተሸክመዋል፤ ሐሚድ ከፊት ሆኖ እናቱን አዝሏል። ስርጉት መኪናው ትቶላት ከሄደው ጓንት አውጥታ አጠለቀችና፣ ተራርቀው እንዲቀመጡ ልትነግራቸው ወደ በሩ ሄደች።