በስልክ የማይነገር

ካላየን አናበርም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ይህን ለመረዳት ምን ትምህርት ይጠይቃል? ቲጃኒ ግን ያን ቀን ሕግ የሚባል ነገር አልሰማም አለ።

ሥራችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ቲጃኒ ያበራል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰማዩንና መንገዱን እከታተላለሁ። የምንልከው ደም ነው። «ድሮን» ሲባል ሰው ስለሚደነግጥ «ደም አድራሿ» እንላታለን። ወደ ደዶ ስትሄድ ከዓይናችን ትሰወራለች፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ጋሽ ሸኩር ናቸው። ቤታቸውም ቡናቸውም መንገዷ ላይ ባለው ጋራ አናት ነው። ደጃቸው ቆመው ሰማዩን ያዩና «አያለሁ» ካሉኝ ታልፋለች፤ «አላይም» ካሉ እንመልሳታለን። በለቀማ ጊዜ ደግሞ ቡናው ሥር ሰው ስለሚበዛ ቀልድ የለም።

ያን ቀን ጠዋት ደም የተጠየቀው ለቲጃኒ እህት ነበር። ፈድሊያ ደዶ ጤና ጣቢያ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል። ከጋራው ወዲያ ያለውን ድልድይ ያለ ወቅቱ የመጣ ጎርፍ ስለወሰደው መኪና አይገባም፤ ሞተር ሳይክል ብቻ በእንጨት ላይ እየተገፋ ይሻገራል፣ እሱም ከደረሰ ነው።

«ተነስ፣ ዛሬ አንተ አታበርም» አልኩት። «የእህትህ ነገር ነው።»

«ማን ሊያበር ነው? አንቺ?»

እውነቱን ነው፤ ሌላ አብራሪ አልነበረም። ደሙ ተጫነ። ከማስነሳቱ በፊት ደዶ ደወለ። ነርሱ ሊዮል አነሳ፤ ቲጃኒ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«እህቴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ ሊዮል። «ትንሽ ደክሟታል እንጂ።»

«መጣሁልሽ በላት!»

ደም አድራሿ ጋራው ጋ ልትደርስ ስትል ለጋሽ ሸኩር ደወልኩና ደሙ ለቲጃኒ አራስ እህት መሆኑን ነገርኳቸው።

«ጉም ነው ልጄ። ሂንአርጉ፣ ምንም አላይም። ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«መልሳት!» አልኩት ቲጃኒን።

መቆጣጠሪያውን ወደ ፊት ገፋው።

«ቲጃኒ፣ ከታች ለቃሚ አለ! መልሳት እያልኩህ ነው!»

«ሕጉ እህት የለውም» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። በጉሙ ሥር ላሾልካት ብሎ ዝቅ አደረጋት። ወላሂ ያላልኩት ነገር የለም። «አንተ ደንቆሮ፣ ሰው ትፈጃለህ!» ብዬ ጮኽኩ፤ እጁን ያዝኩት፣ ገፈተረኝ። ስክሪኑ ላይ የዋንዛ ቅርንጫፍ ብቅ አለ። ከዚያ ጠቆረ።

ቲጃኒ ቁልፎቹን ይነካካል፤ የወደቀውን ነገር ምን ያደርገዋል! በዚህ መሀል ሊዮል በእኔ ስልክ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወራ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ሩፈይዳ፣ ብቻሽን ነሽ? ፈድሊያ አርፋለች።»

«መቼ?»

«እሱ ሲደውል አልፋ ነበር።»

«እና ደህና ናት ትለዋለህ? አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?»

«ታዲያ መርዶ በስልክ ይነገራል? ለገዛ ወንድሟ? ነገ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ሄዶ ያረዳዋል ብዬ ነው። ደሙም ቢመጣ ለሌላ እናት ይሆናል። ምን ይጎዳል አልኩ።»

ምን ይጎዳል! በጥርሴ ብዘነጥለው ደስ ባለኝ። ግን እኔንስ አባቴ ሲሞት «ትንሽ አሞታል፣ ነይ» ብለው አይደል ከሐዋሳ ያስመጡኝ? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ስመለስ የሥራው ስልክ ይጮሃል። እሱ ሁልጊዜ ለሁለታችንም እንዲሰማ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ ሸኩር ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገራችሁ ነኢማ ላይ ወደቀ።» ነኢማ ባለቤታቸው ናት፤ ቡናቸውን ስትለቅም ነበር። «ደም በደም ሆናለች። ትተነፍሳለች ግን። ሳጥኑ አልተሰበረም፣ ደሙ ደህና ነው። እዚህ ያለው ሞተር አንድ ብቻ ነው። ያቺ የደዶዋም ሰው ናት፣ አራስ ናት። ደሙን ወደ ደዶ ልላክ ወይስ ነኢማን ወደ ጅማ? ያ ረቢ፣ ንገሪኝ፣ እኔ መምረጥ አልቻልኩም።»

ቲጃኒ ዞሮ አየኝ።

«ነኢማን ይጫኗት» አልኩ።

«ያቺስ ትሙት? ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ? እስኪ ወንድሟን ጠይቂው።»

«ጋሽ ሸኩር፣ ነኢማን ይጫኗት አልኩ!»

«ጠይቂው እንጂ ልጄ! ጊዜ የለም!»

«ፈድሊያ ሞታለች!» ብዬ ጮኽኩ። «ሞታለች! ደሙን ይተዉት፣ ነኢማን ይጫኗት!»

 ከዚያ ቀስ ብለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ወንድሟ እዚያው ነው እንዴ?»

ሞተሩ ሲነሳ በስልኩ ተሰማኝ።

ቲጃኒ አልጮኸም። በወጉ ቢሆን ኖሮ ሰው ግራና ቀኝ ይዞት፣ ትልልቆች ፊቱ ተቀምጠው ነበር የሚሰማው። እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም እየጮኽኩ ነው የነገርኩት። ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ?» አለኝ።

መዋሸት አማረኝ፣ ምላሴ ግን እምቢ አለ። «ከማስነሳትህ በፊት።»

ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ለማን ነው ታዲያ ያበረርኩት?» አለ። ደጋገመው። ለጎረቤት ክፍል ሰዎች አደራ ሰጥቼው ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ሞተሩ ሲደርስ ነኢማን ከኋላ ደግፋ የያዘቻት ጎረቤታቸው ታለቅሳለች። የነኢማ ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ጣቶቿ ላይ የቡናው ቀይ ገና አልደረቀም። ሐኪሙ ወጥቶ አንገቷን ዳሰሰና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበው።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሸኩር ናቸው፤ ሞተሩ ላይ ለእሳቸው ቦታ አልነበረም፣ ጋራው ላይ ቀርተዋል።

«ልጄ፣ ብቻዬን ነው ያለሁት፤ ነኢማ ደረሰች?»

«ደርሳለች» አልኳቸው።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። «ትንሽ ደክሟታል እንጂ።»