መንግሥት ቤታችንን ሊያይ የመጣ ዕለት

እኔ ሰው አላማም። የሰማሁትን አወራለሁ፣ ያልሰማሁትን ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ይኸው ነው። ይሄኛውን ግን ከማንም አልሰማሁትም፤ እዚሁ ቤቴ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም አልጨምርበትም። ብጨምርም ለጣዕም ያህል ነው።

የልጅ ልጄን ሰፈሩ «ክሬን» ነው የሚላት። ክብደት አንሺ ናት። ሌላው ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ እሷ ውሃ የሞላ ጀሪካን አቅፋ ነበር የምትዞረው። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተችባት በእኔ እጅ ነው ያደገችው። አሁን አገር ወክላ ኦሎምፒክ ትሄዳለች ተብሎ ጠዋት ብረት ታነሳለች፣ ከሰዓት ብረት ታነሳለች፤ ማታ ቤት ስትመጣ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ እኔን ነው የምትጠራው። ማንሳቱስ ባልከፋ፤ መብላቱ ነው ጉዱ! የእንቁላሉን ነገር ብነግራችሁ ለዶሮዎቹ ታዝኑ ነበር። እኔ ደግሞ የምሸጠው ሻይና ብስኩት ነው፤ ከዚያ ላይ እሷን ማብላት እንግዲህ አስቡት።

አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እንቁላሏን ሳትጠይቅ ስትቀመጥ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«እምዬ፣ ያቺ አብራኝ ስትለማመድ የነበረችው ልጅ ደወለችልኝ።»

«ያቺ ሰው አገር ሄዳ ፓስፖርት የቀየረችው? ያገባችው አሠልጣኙን ነው ይባላል፣ እውነት ነው?»

«እምዬ! ስሚኝ። እዚያ ቤት ይሰጣሉ፣ ደሞዝ ይከፍላሉ፣ ምግቡም በነፃ ነው። እኔንም ይፈልጉኛል። እዚህ አበል እንዲፈቀድልኝ አመልክቻለሁ፤ ከፈቀዱልኝ የትም አልሄድም። ካልፈቀዱልኝ ግን ለነሱ ነው የማነሳው።»

እሷ ከሄደች ማታ ማታ የቀኑን ወሬ ለማን ነው የማወራው? ለግድግዳው? ግድግዳ እንኳ «እሺ፣ ከዚያስ?» አይል!

ወዲያው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። የዓለም ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ነው፤ የሰው ራስ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላ እጁ ይዞ ነው የሚውለው።

«ንገረኝ እስቲ፣» አልኩት፣ «የሰው አገር መንግሥት ለስፖርተኛ ምን ያህል ይሰጣል?»

«ኧረ እማማ፣ እንደ አገሩ ነው! አንዱ ወርቅ ላመጣ ቤት ይሰጣል። አንዱ እስኪሞት ደሞዝ ይቆርጥለታል። አንዱ ደግሞ እጁን ጨብጦ ያመሰግነውና ሯጩ በማግሥቱ ታክሲውን ይነዳል። ወታደር ነው ብሎ ቀጥሮ የሚከፍልም አለ፤ ሰውየው ጠመንጃ አይዝም፣ ሲዋኝ ነው የሚውለው።»

«ጠላት በውሃ ሲመጣ ይጠቅማላ። የእኛስ?»

«የእኛማ መጀመሪያ ቤት ያያል አሉ።»

ይህን ባለኝ በሳምንቱ ተደወለ። ክሬን ስልኳን ቤት ትታ ልምምድ ላይ ስለነበረች ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ልስልስ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ስለ ልጅዎ አበል ነው። ነገ ከሰዓት ቤታችሁን የሚያይ ሰው እንልካለን» አለችኝ። ለምን እንደሚያይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። እኔ ያልጠየቅኩበት ቀን ቢኖር ይኸው እሱ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ መጋረጃ፣ ምድጃ፣ የሻይ ብርጭቆዎቼ የሚደረደሩበት ሳጥን፣ በቃ። አሁን ለዚህ ቤት ማን ገንዘብ አምኖ ይሰጣል? አበዳሪ እንኳ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንገቱን በበር አስግጎ ዕቃህን አይቶ ነው። ልጅ ሊያጩ የሚመጡ ሽማግሌዎችም እንደዚያው። መንግሥትም ቤት ልይ ካለ ደህና ቤት ፈልጎ ነዋ! ፀጉር አስተካካዩን ብጠይቀው፣ «እንዴታ እማማ! ለሌለው ማን ይሰጣል?» አለኝ። ስለዚህ ጥፋቱ ግማሹ የእሱ ነው። ግማሹ ሳይሆን እንደውም አብዛኛው።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ክሬን ምንም ሳልነግራት እንደወጣች፣ መዋስ ጀመርን። ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን ቴሌቪዥን አመጣ። ጫማ ሰፊው ፍሪጁን ሰጠን፤ ፍሪጁ ከሞተ ቆይቷል፣ ሰውየው ሶል ነው የሚያስቀምጥበት፣ ግን ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል። የቀረን ሶፋ ነበር። ሶፋ ያለው ደግሞ ወርቅ ጥርሴ ቤት ነው።

ወርቅ ጥርሴ ወዳጄም ባላንጣዬም ናት። ከፊት ለፊቴ ትኖራለች፣ እኔ የማላውቀውን ወሬ እሷ ታውቃለች፣ እሷ የማታውቀውን እኔ እፈጥራለሁ። ሶፋዋን ባሏ ነፍሱን ይማረውና ሊሞት አካባቢ የገዛላት ነው፤ እስከ ዛሬ ላስቲኩን አላወለቀችውም።

«ሶፋሽን ለዛሬ ብቻ አውሺኝ፤ የእኔ ጥገና ገብቶ ነው» አልኳት።

«የትኛው ሶፋሽ?»

«ያ አንቺ የማታውቂው።»

ወርቁን ብልጭ አድርጋ ሳቀች። ግን ሰጠችኝ። ሰው ፊት ሊያዋርደኝ የሚመጣ ካለ እሷ ራሷ እንድትሆን ነው የምትፈልገው እንጂ ባዕድ እንዲነካኝ አትወድም።

ሁሉም ሲገባ ቤቱ ሞልቶ መራመጃ ጠፋ። አልጋውን ግድግዳ ላይ አጣበቅነው፣ ፍሪጁ የበሩን ግማሽ ያዘ። መንግሥት ሲመጣ ሆዱን ስቦ በጎኑ ነው የገባው። ለጋ ልጅ ነው፣ ትልቅ ቦርሳ አንግቷል።

«ይግቡ፣ ይግቡ የኔ ጌታ! ይቀመጡ!»

ሲቀመጥ ላስቲኩ ሲጥጥ አለ። ደንግጦ ብድግ አለና እንደገና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት።

«እማማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካለ እሱ ይሻለኛል» አለ ፍሪጁን እያየ።

«ቀዝቃዛ ውሃ ሳንባ ይጎዳል። እኛ ቤት አይጠጣም።»

«ታዲያ ፍሪጁ?»

«ለግርማ ሞገስ ነው።»

ዞር ዞር እያለ ጻፈ። እያንዳንዷን ሲጽፍ በልቤ «ይኸው፣ አበሏ ጨመረ» እላለሁ። በመጨረሻ እስክርቢቶውን ኪሱ ከተተ።

«ደስ ይላል እማማ፣ እግዜር ይመስገን ኑሯችሁ ጥሩ ነው። እንግዲህ ድጎማው ለሌላቸው ስለሆነ እናንተን አይመለከትም።»

«ምን አልከኝ?»

«አበሉ ጥቂት ነው፣ ለሁሉም አይደርስም። ቤተሰቡ መደገፍ ለማይችል ስፖርተኛ ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው ቤት የምናየው።»

እርስዎ ማለቴ እዚያው ቀረ።

በዚህ መሃል ክሬን መጣች። በሩ ላይ ትከሻዋ አላስገባ ብሏት ፍሪጁን በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ ገባች። ሶፋውን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ሰውየውን አየች።

«ይቅርታ፣ ቤት ተሳሳትኩ መሰለኝ» አለችና ልትወጣ ስትል እኔን አየችኝ። «እምዬ! ምንድን ነው ይሄ?»

ልጁ ያለኝን ደገመላት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ልክ ብረቱ ከእጇ ሲወድቅ እንደሚሆነው ሆነ። «እሺ፣» አለች፣ «አመሰግናለሁ።» ከዚያ ስልኳን አወጣች። ለማን ልትደውል እንደሆነ ገባኝ።

«ቆይ!» አልኩ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ አንተም ቁጭ በል። ይሄ ሁሉ ዕቃ የእኛ አይደለም። ተውሰን ነው።»

ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ እኔ በዚህ ሥራ ስዞር ሰው ዕቃ ሲደብቅብኝ ነው የማየው። ባለፈው አንድ ቤት ፍሪጁን ብርድ ልብስ አልብሰው፣ አባታችን ታመው ነው፣ አይቀስቅሷቸው ብለውኛል። ዕቃ ተውሶ የጠበቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም።»

«እኔ አለሁልህ! ካላመንክ ባለቤቶቹን ጠይቅ!»

ባለቤቶቹ ሩቅ አልነበሩም፤ ወርቅ ጥርሴም ፀጉር አስተካካዩም መስኮቱ ሥር ቆመው ነበር። ጠራኋቸው። በጎናቸው እየገቡ ተደረደሩ።

«ንገሩት! ይሄ ሶፋ የማን ነው?»

ወርቅ ጥርሴ ጠቀሰችኝ። ከዚያ ደረቷን ነፍታ፣ «የማን ይሆናል? የራሷ ነዋ! እሷ ምን ጎደላት?» አለች። ተመልከቱልኝ እንግዲህ! ዕድሜ ልኳን ስታዋርደኝ ኖራ ክብሬን ለመጠበቅ የመረጠችው ቀን ይኸው ነው።

«አንተስ? ቴሌቪዥኑ?»

«የእማማ ነው፤» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እኔ ራሴ ኳስ የማየው እዚህ መጥቼ ነው።»

ልጁ ቦርሳውን አነሳ። ክሬን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ሲጠራ ይሰማኛል። ብለምናት ወርቅ ጥርሴ አፏን አትከፍትም፤ በመዋሸቷ ውለታ የዋለችልኝ መስሏታል። ሴትየዋን ግን እኔ አውቃታለሁ።

ወደ ሶፋው ዞርኩና አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ይሄ እኔ ቤት ሊገኝ? ይሄ ቆሻሻ? ልጄ፣ ላስቲኩ ያልወለቀው ለምን ይመስልሃል? ሥሩ ጨርቁ ተበጣጥሶ ነው። ገና ቤቴ ከገባ ጀምሮ እያሳከከኝ ነው። ትኋን ሳይኖረው አይቀርም።»

ልጁ መቀመጫውን እያራገፈ ወደ በሩ ዘለለ።

«ምን አልሽ?» አለች ወርቅ ጥርሴ።

«ምን አገባሽ? የእኔ ሶፋ ነው ብለሻል፤ የእኔን ሶፋ እንደፈለግኩ እሰድበዋለሁ። ገዢውም ሲገዛው ዓይኑ አያይም ነበር መሰለኝ።»

ባሏን ነክቻለሁ! በቃ።

«የእኔን ሶፋ! ባሌ በላቡ የገዛልኝን! ትኋን! ልጄን ያላስቀመጥኩበትን ለዚች አውሼ! ጥገና ገብቷል ብላ በጠዋት ለምናኝ!»

«ስለዚህ የእርስዎ ነው?» አለ ልጁ።

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ? እሷ ከአልጋና ከምላስ ሌላ ምን አላት!»

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።

ፀጉር አስተካካዩም ነገሩ ሲገባው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ እውነት ከተባለ፣ ቴሌቪዥኑን ብትመልሱልኝ፤ ደንበኞች እየጠበቁኝ ነው።» ልጁ ፍሪጁን ከፈተው። ሶል ተንዶ እግሩ ላይ ፈሰሰ።

አንዱን ሶል አንስቶ አገላበጠው። ከዚያ አልጋዋን አየ፣ ሳጥኗን አየ፣ እኔን አየኝ። ከቦርሳው ወረቀቱን፣ ከኪሱ እስክርቢቶውን አወጣና የጻፈውን በሙሉ ሰረዘው። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ውሳኔው የበላዮቼ ነው» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

ክሬን ስልኩን ዘጋችው። ገና «ሄሎ» ሲባል ነው የዘጋችው፤ ሰምቻለሁ።

ወርቅ ጥርሴ ግን ሶፋዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። «ይቅርታ ሳልጠየቅ አልነሳም!» እኔ ይቅርታ እንደማልጠይቅ ደግሞ ታውቃለች። ክሬን አየቻት፣ አየችኝ፣ ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን «በዚያ በኩል ያዝ» አለችው። ሴትየዋን ከነሶፋው አንስተው ወጡ። እሱ እያላበው ይንገዳገዳል፣ እሷ ግን ታፏጫለች። ወርቅ ጥርሴ ከላይ ሆና፣ «ቀስ! ግድግዳው እንዳይነካው!» እያለች እንደ ንግሥት መንገዱን ተሻገረች። ልጁ ከኋላ ቦርሳውን አቅፎ ይከተላል።

አበሉ ተፈቀደ። ብዙ አይደለም፤ ፀጉር አስተካካዩ ከሌላው አገር ጋር አወዳድሮ ሊነግረኝ ሲል አፉን አስዘጋሁት። እንቁላሉን ይችላል፤ ልጅቷም ማታ ማታ ቤቴ ትገባለች። ለጓደኛዋ አልመጣም ማለቷን ራሷ ነገረችኝ። አሠልጣኙን አግብታ እንደሆነም ጠይቃልኛለች፤ አላገባችውም፣ ወንድሙን ነው።

ከወርቅ ጥርሴ ጋር ጥቂት ቀን ተኳረፍን። ምን ዋጋ አለው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው የእኔን ነው። ትናንት ቧንቧው ጋ ተሰልፌ ከፊቴ ያሉት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «ወንበር ተውሳ» አለች፣ ሌላዋ «ሰውየው ከሶፋው ወድቆ እግሩ ተሰበረ» አለች። እንዲህ ወሬ ሲበላሽ ቆሜ አላይም። ጀሪካኔን አስቀምጬ፣ «ኧረ ስሙ፣ እንደዚያ አይደለም» አልኳቸውና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ወርቅ ጥርሴ ከኋላዬ ነበረች ለካ፤ ትኋኑ ጋ ስደርስ፣ «እሱን እንኳ ዝለይው» አለችኝ። አልዘለልኩትም።