የጋሽ ይርጋ ኮርስ

ጋሽ ይርጋን ከኮርሳቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ። ዲኑ ሰንጠረዡን ሙላ አለኝ እንጂ እሳቸውን አስወጣ አላለኝም።

የጥራት ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ተብሎ በፋኩልቲያችን መምህራን የምናሠለጥን ሁሉ የትምህርት ዝግጅታችንና ልዩ ሙያችን ተሰብስቦ እንዲቀርብ ተወሰነ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። በትምህርት ምዘና ዶክትሬቴን ይዤ ደሴ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰንጠረዡ ስም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ልዩ ሙያ፣ የሚያስተምረው ኮርስ ይላል፤ ዳር ላይ ምርመራ የሚል ጠባብ ዓምድ አለው።

ጋሽ ይርጋ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴን አሥራ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ወረቀታቸው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ጂኦግራፊ፣ ሁለተኛው የትምህርት ዕቅድ፤ ሁለቱንም በክረምት እየተመላለሱ ነው የተማሩት። ወደ ፋኩልቲው ከመምጣታቸው በፊት ገራዶ ላይ ትንንሽ ልጆችን አሥራ ሰባት ዓመት አስተምረዋል። ሰንጠረዡ ለዚህ ዓምድ የለውም። ምርመራ በሚለው ሥር ልጽፈው አሰብኩ። ግን ኮርሱን ለራሴ ፈልጌው ነበር፤ ባዶውን ተውኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «ልዩ ሙያቸው የማይገጥም» ተብለው ስማቸው ተነበበ። ኮርሱ ለእኔ ተሰጠ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ዶክተር፣ ማስታወሻዎቼን ይፈልጓቸው ይሆን?»

ጋሽ ይርጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በሠርጌ ቀን እጃቸውን ጭነው የጸለዩልን እሳቸው ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዕቆብዬ እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።

«ምን ነካዎት ጋሽ ይርጋ፣ እኔን አንቱ ይሉኛል?»

«ማስታወሻዎቹን ይፈልጓቸዋል ወይ ነው ያልኩዎት።»

«አይ፣ አዳዲስ መጻሕፍት አሉኝ» አልኳቸው።

የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎች ክፍል ጠባቂ አደረጓቸው። አራት ወር ቆይተው ጡረታቸውን ቀድመው ጠየቁና ከባለቤታቸው ጋር ኮምቦልቻ ወረዱ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ተማሪዎቼ በሳምንት ጥቂት ቀን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች መውጣት ጀመሩ። ኩታበር የደረሳት አትጠገብ የምትባል ተማሪ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የደብተር ቅጠል ይዛ ተነሳች። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የአልጣሽ ሥራ ነው። ሰባትና አምስት አሥራ አንድ፣ ስምንትና ስድስት አሥራ ሦስት፣ ዘጠኝና አራት አሥራ ሁለት ይላል።

«መምህር፣ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም» አለች። «ሁሉም በአንድ ነው የሚያንሰው። ለምን ይመስልዎታል?»

በሺህ የሚቆጠር የልጆች የፈተና ወረቀት መርምሬ ነው ዶክተር የሆንኩት። ስንቱ እንደሳተ እንጂ ለምን እንደሳተ ጠይቄ አላውቅም። አርባ ተማሪ ያየኛል። «ሰኞ እንነጋገርበታለን» ብዬ ቅጠሉን ተቀበልኳት።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታየች በሩን ከፍተው «ግባ» አሉኝና ውኃ አቀረቡ። ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን አዩት። ብዙም አልቆዩም።

«ሰባትን ራሱን እየቆጠረችው ነው። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤ አምስቱ ጣቷ አለቀ። ከስምንት ነበር መጀመር ያለባት።»

«በቃ፣ ይኸው ነው?»

«ይመስለኛል። ስትቆጥር እጇን ሳያዩ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።»

«ጋሽ ይርጋ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተው ለተማሪዎቹ ቢያስረዱልኝ...»

ቅጠሉን አጥፈው መለሱልኝ። «ምን ብለው ያስተዋውቁኛል?»

ወይዘሮ አልታየች ውኃውን ሳልጨርስ ብርጭቆውን አነሱት። «ዳገቱ ላይ ጉም ሳይወርድ ብትሄድ ይሻልሃል» አሉኝ።

ሰኞ ጣቶቼን እያጠፍኩ ለክፍሉ አስረዳሁ። ተማሪዎቹ ተደነቁ።

«እንዴት አወቁት?» አለች አትጠገብ።

«በልምድ» አልኩ። አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ።

«እንግዲያው ሐሙስ ይምጡልኝ። እንዴት እንደማስተካክላት ያሳዩኝ።»

እንቢ ማለት አልቻልኩም። ሐሙስ ኩታበር ስደርስ ሰባ ስምንት ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀዋል። አልጣሽ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነበረች። ከፊቷ ቆምኩና ሰባትና አምስት ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት። ኮቴንና ከረባቴን አየችና እጆቿን ዴስኩ ሥር ደበቀች።

«እጅሽን አውጪ።»

አላወጣችም።

«እሺ፣ ስምንት ብለሽ ጀምሪ።»

«ስምንት» ብላ ዝም አለች።

«ቀጥዪ እንጂ!»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ከፊት ያሉት ልጆች ዞረው ሳቁባት። አልጣሽ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ቾክ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። አትጠገብ ዞር ብላም አላየችኝ። ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

«መምህር፣ ያንን መልስ ማን ነገረዎት?»

«ጋሽ ይርጋ።»

ስማቸውን ታውቀዋለች፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አውርተውላታል። «ታዲያ ለምን እሳቸው አያስተምሩንም?»

ነገርኳት። ሰንጠረዡን፣ ባዶ የተውኩትን ዓምድ፣ አልፈልግም ያልኩትን ማስታወሻ፣ ሁሉንም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ደሴ ስንደርስ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወረደች።

ከዚያ በኋላ በክፍሌ እጇን አላነሳችም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ባስገባችው የልምምድ ሪፖርት ላይ፣ አልጣሽ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዳልመጣች በአንድ መስመር ጽፋለች። ሪፖርቱን አርሜ ውጤቷን ሰጠኋት። ልጅቷ ተመልሳ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ አትጠገብንም አልጠየቅኋትም።