ከሆስፒታሉ ጓሮ ያለው ክፍል

ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ልጃቸው ጎበዝ እንደሆነችና ሐኪም እንደምትሆን ሳይሰማ አይወጣም። እሷም ሌላ ነገር እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ ወደፊት ሊሠሩ በሚፈልጉበት ቦታ አንድ ሳምንት እንዲውሉ ላካቸው። እሷ ሳታመነታ ሆስፒታል አለች። አባቷ ነጭ ጋውን በልኳ ሰፍተው፣ ተኩሰው አለበሷት።

በመጀመሪያው ቀን መስታወት እጁን የቆረጠው ሰው መጣ። አብራት የተመደበችው ነርስ ፋሻውን ስትፈታ «ዶክተር» ዓይኗ ጭልም አለባት። ስትነቃ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ቁስለኛው ራሱ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ» እያለ ያጽናናታል።

በነጋታው እንደምንም ራሷን አበረታትታ ተመለሰች። መርፌ ስታይ ላብ አጠመቃት። ነርሷ አዘነችላትና ነፋስ እንድትቀበል ወደ ጓሮ ላከቻት።

ጓሮው ውስጥ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ክፍል ነበር። አንዲት ጎልማሳ ቴክኒሻን የኦክስጅን ማሽን ክዳኑን አንስታ አጎንብሳለች። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ታያት ጀመር።

«ወይ ግቢ፣ ወይ ከብርሃኔ ዞር በይልኝ» አለች ቴክኒሻኗ ቀና ሳትል።

ገባች። «ምን ሆኖ ነው?»

«ያጉረመርማል እንጂ አየር አይሰጥም። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ትምህርት ቤት የሚጠይቃት ሰው ሁሌም መልሱን ያውቀዋል። ይህች ሴት ግን የምሯን ነበር፤ አታውቅም። ማጣሪያውን አውጥተው አዩ፤ ደህና ነው። ቱቦውን በየመገጣጠሚያው ፈተሹ። ከብዙ ልፋት በኋላ ልጅቷ ጣቷ ሥር ቀዝቃዛ ትንፋሽ ተሰማት።

«እዚህ ጋ ያስተነፍሳል!» ብላ ጮኸች።

የሳምንቱን ቀሪ ጊዜ እዚያው ዋለች። የሕክምና መሣሪያ ጥገና የሚባል ሙያ እንዳለ፣ የሚያስተምረውም ኮሌጅ ቅርብ እንደሆነ የሰማችው ያኔ ነው።

ለአባቷ መንገሩ ግን ጭንቅ ሆነባት። ጨርቅ ሲቆርጡ ጠብቃ፣ «አባዬ፣ ሐኪም መሆን አልፈልግም» አለች። መቀሱ መሃል ላይ ቆመ።

ሁሉንም ስትነግራቸው ሰሙና፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ኖርኩ። አንቺም እዚያው? ለሰውስ ምን ልበል?» አሉ።

«ደም ሳይ እወድቃለሁ፣ አባዬ።»

«ይለመዳል።»

«ይለመድ ይሆናል። እዚያ ክፍል ስገባ ግን ምሳዬን እንኳ ረሳሁት።»

አባቷ ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። ቀናት በኩርፊያ አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጫማቸውን አስረው፣ «ተነሺ፣ ኮሌጁን አሳዪኝ» አሉ።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ገና ሳይቀመጡ ጠየቁት። «ልጄ እዚህ ከገባች ሌላው በር ተዘጋባት ማለት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ኃላፊው። «አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፣ እዚህ ትማር፣ ትሥራ። ካሻት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በምህንድስና ትቀጥላለች። ከእኛ ወጥተው እንዲያ ያደረጉ አሉ።»

አባቷ ወርክሾፑን ዞረው አዩ። ይህ ምንድነው፣ ያኛውስ እያሉ ኃላፊውን አደከሙት። ሲወጡ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ «ሰውየው ደህና ነው። ኮቱን የሰፋለት ግን ትከሻውን ገድሎበታል» አሉ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። አባቷ በሰው ልብስ ላይ እንከን ማውጣት ከጀመሩ ኩርፊያው አልፏል ማለት ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮሌጅ ገባች። ለልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ስትመደብ፣ ብቻዋን እንድትጠግን የተሰጣት የመጀመሪያው ዕቃ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ነበር። ፈታችው፣ ገጠመችው፤ እምቢ አላት። እንደገና ፈታችው። በመጨረሻ መብራቱ ቦግ ሲል መዳፏን ከሥሩ ዘረጋች። ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ።

የጤና ጣቢያው ነርስ እየተጣደፈች ገባች። «ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ነርሷ ዞር ብላ እንኳ ሳታያት ማሞቂያውን እየገፋች ወሰደችው። ጎማው ኮሪደሩን አልፎ ሕፃናቱ ክፍል እስኪገባ ድረስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።