ሰባተኛው ዘፈን

…ሰባተኛው ነው ይሉኛል ደግሞ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቆጥረውት፣ ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል፣ አጥፊው ብያለሁ እሙ፣ አጥፊው፣ አላጠፋችውም፣ ስፒከሩን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ግቢውን ሁሉ ታስጨፍርበታለች፣ የልጄ ልጅ ናት፣ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እኔው ያሳደግኋት፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሞላትና ጆሮ የላትም። ይሁን። ማቲ ይመጣል ከሰዓት፣ የጎረቤት ልጅ፣ አልበም አወጣሁ ብሎ፣ ነገ ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቶለት ሊዘፍን፣ እማማ ሰርኬ ሳይመርቁኝ አልወጣም አለ አሉ፣ ይምጣ! ይምጣና ምርቃቱን ያገኛታል።

አሮጊት ዘፈን አታውቅም እንዳይሉኝ ከመጀመሪያው ሰምቼዋለሁ፣ ቁጭ ብዬ፣ ምስር እየለቀምኩ። አንደኛው ነይ ነይ ነይ ነይ ነው፣ ልጅቷ ደንቆሮ ናት እንዴ፣ የምትመጣ ብትሆን በአራተኛው ነይ በመጣች። ሁለተኛው ላይ ድምፁን ማሽን ውስጥ ከተውት ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፣ ያን የመሰለ ድምፅ፣ መድኃኔዓለም ሲዘምር አንገቴን የሚያስደፋኝ የነበረ፣ ምን በወጣው። ሦስተኛው ፈረንጅኛ ነው መሰለኝ፣ ጓደኛዬ ዘሀራ አማርኛ ነው ሰርኬ ሙች ትላለች፣ አማርኛ ከሆነ እኔ ምን እያወራሁ ነው የኖርኩት። አራተኛው… አራተኛውስ ጥሩ ነው፣ ዓለም ባንክ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስላያት ልጅ፣ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ሲመታ አገኘሁት፣ ተናደድኩ፣ በእግሬ። አምስተኛውና ስድስተኛው አንድ ናቸው፣ ስም ብቻ ነው የቀየሩላቸው።

ከዚያ እሱ።

ሰኞ ዕለት ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ ከአየር ጤና ስንመለስ፣ እኔና ዘሀራ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላው ወንበር፣ ሾፌሩ ይቺን ስሙልኝ ብሎ ከፈተው፣ መጀመሪያ ሙዚቃ የለውም፣ አንዲት አሮጊት ትተነፍሳለች፣ ኪ… ትላለች፣ ከዚያ ከበሮው ዱብ! አልጨረሰችም፣ አሮጊቷ እኔ ነኝ፣ የራሴን ትንፋሽ አጣዋለሁ? ሰዉ ያጨበጭባል፣ አንዷ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ ወራጅ! አልኩ፣ ሦስት ፌርማታ ሲቀረን፣ ዘሀራ ምን ነካሽ አመመሽ ትለኛለች፣ ወራጅ ብያለሁ! በእግሬ መጣሁ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ዘሀራም የጨርቅ ጥቅልሏን ተሸክማ ከኋላዬ እየተራገመች።

የቆመውን ሁሉ ታስነሣ ነበረ፣
ኪዳኔ የናትህ ልብ እንደቆመ ቀረ።

ይህን ነው ያልኩት፣ ለልጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። ማንም አላስተማረኝም፣ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ከሆዴ ወጣ። ኪዳን መካኒክ ነበር፣ ሌላው ገፍቶ ያቃተውን መኪና እሱ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ፣ ቆይ ቆይ ብሎ፣ አንድ ነገር ነካ፣ ተነሣ። ያን ቀን ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናው ላዩ ላይ… ተይው። ተይው ሰርኬ። ሰዉ ደረቱን ይመታ ነበር እኔ ያንን ስል፣ እንዲያ ደረት በተመታበት ዛሬ ትከሻ ይመታበታል። ሙሾ የሟቹ ነው፣ ለእሱ ይወጣል፣ ከእሱ ጋር ያበቃል፣ ሰው ባልሞተበት ቤት ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው፣ ይህን የማያውቅ የማን ልጅ አለ፣ ነገ ሠርግ ላይ ይከፍቱታል እኮ፣ ሙሽራዋ በልጄ ሬሳ ላይ ስትጨፍር አያችሁ ወይ፣ ኧረ የፈጣሪ ያለህ!

ማቲ እንዴት አገኘው አልኩ፣ ሦስት ቀን አልኩ፣ ዛሬ ጠዋት እሙ ራሷ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት እማዬ። አንቺ? እኔ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ለሰባተኛው ሙት ዓመቱ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን ቤት ስንገባ፣ አንዴ ብቻ በይልኝና ስልኬ ውስጥ ይቅር ብላ ለመነችኝ፣ አባቷ ነው፣ እንዴት እምቢ ልበል፣ አልኩላት፣ በቀስታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በር ዘግቼ። በር ዘግቼ ያልኩት ታክሲ ላይ ወጣ!

ለምን ሰጠሽው፣ ጮህኩባት፣ እሷም ጮኸች፣ አባቴን ሰው ረሳዋ! ጋራዡን ሌላ ሰው ይዞታል፣ ስሙን የሚያነሣው የለም፣ ማቲ ስሙን እላለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነው፣ አልኩሽ፣ ቃል ገብቶልኝ ነው። አለው? አላለውም። ሰማሁት እኮ፣

የቆመውን ሁሉ ታስነሺ ነበረ፣
ቆንጆዬ የኔ ልብ እንደቆመ ቀረ።

ታስነሺ! ቆንጆዋ ጋራዥ አላት እንዴ?

ስልኳ ላይ የተጻፈውንም አነበበችልኝ፣ የከበሮው የእገሌ፣ የጊታሩ የእገሌ፣ ምስጋና ለጓደኞቼ፣ ምስጋና ለፀጉር አስተካካዬ፣ ለፀጉር አስተካካዩ! ሰባተኛው ላይስ ምን ይላል እሙ፣ ግጥምና ዜማ፣ የሕዝብ። የማን? የሕዝብ፣ እማዬ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ። ሕዝብ ነው ዘጠኝ ወር የተሸከመው? ሕዝብ ነው እግሩን ብቻ አይቶ በጫማው የለየው? እኔ አንድ ቤት አልፎ ነው የምኖረው፣ ማቲ ስንት ቀን ከዚህ ገበታ በልቷል፣ ያቺን የመጀመሪያ ስፒከሩን ማን ሠራለት፣ ኪዳን አይደለም ከወዳደቀ መኪና ሬዲዮ ፈትቶ፣ ባትሪ ላይ ቀጥሎ፣ እንካ ዘፋኙ ብሎ የሰጠው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ሰፈሩን ሲያደነቁር ኪዳን ብቻ ነበር የሚስቅለት።

እውነቱን ልናገር፣ ለማን እደብቃለሁ፣ ጭፈራውን ኪዳንም ይወድ ነበር፣ ከሠርግ የሚያወጣው አልነበረም። የሚያቃጥለኝ ያቺ ኪ ናት። ልጄን ከአፌ ላይ ቆረጡት።

ይኸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ እሙ! ምን ታደርጊበታለሽ፣ አታሟርቺብኝ፣ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ቁርጥ አባቷ፣ ቆይ ቆይ ሲል፣ ምን ትሰሚያለሽ አንቺ፣ አሁን ይለዋል እያልኩ ነዋ እማዬ፣ ሁልጊዜ ስከፍተው አሁን ይለዋል እያልኩ። ሞኝ ልጅ። አንዴ የተቀረጸ ዘፈን ሐሳቡን አይቀይርም። እጄ ስፒከሩን ሊያጠፋ ሄዶ ፀጉሯ ላይ አረፈ።

በሩ ይንኳኳል።

እሱ ነው፣ አዲስ ሸሚዝ፣ ሽቶ፣ ዘሀራ ከኋላው፣ ሰርኬ ሙሽራሽን አመጣሁልሽ ትላለች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ እንደምን ዋሉ እማማ ሰርኬ፣ ይመርቁኝ ብዬ ነው፣ ነገ እኮ ነው። ሰሙት? ሰማሁት፣ አራተኛው ጥሩ ነው። ሰባተኛውስ ይላል፣ ድፍረቱ! ሰው ሁሉ የወደደው እኮ እሱን ነው እማማ። የማን ነው? የማን ነው ማቲ? ወደ እሙ ያያል፣ እሙ ወደ ግድግዳው። ስሙን ለምን አወጣኸው? እማማ፣ ፕሮዲውሰሩ ነው፣ ስም ካለበት ለቅሶ ይመስላል ብሎኝ… ለቅሶ ነዋ! ለቅሶ ነዋ አንተ ልጅ! አንገቱን ደፋ፣ ዘሀራ፣ ሰርኬ በአላህ ተይው፣ የነገ ሰው ነው፣ መርቀሽ ስደጂው፣ አልመርቅም፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ዘፈን እንዴት ይመረቃል፣ ሕዝብ ሄዶ ይመርቀው።

ይበለው መጀመሪያ። እዚሁ፣ ያለ ከበሮ። አሁን? አሁን፣ እሙ አጥፊው፣ አጠፋችው፣ አሁን ሰማች። የቆመውን ሁሉ ታስነሺ… ታስነሣ! ወንድ ነው። ታስነሣ ነበረ፣ ያ ድምፁ፣ ጣሳ ውስጥ ያልገባው፣ ቀጭኑ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ያቺ ቦታ ላይ፣ እኔ በተቆረጥኩበት፣ ቢዘለው አልምርም፣ ማርያምን አልምርም፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዘሀራ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋለች፣ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ፣

ኪዳኔ

ይላል፣ ነገ እዚያ ሜዳ ላይም እንዲሁ ይለዋል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አለዚያ እኔው መድረኩ ላይ ወጥቼ እለዋለሁ፣ የቀረውን ሊል አፉን ይከፍታል፣ አልሆነለትም፣ ቃሉ እንባ ሆኖበት ይቀራል፣ እጄን ራሱ ላይ ላድርግ አላድርግ እያልኩ፣ ገና ምንም ሳልመርቅ፣ ከመስኮቱ ጋ፣ አሜን፣ ትላለች እሙ።