ያልነካሁት ገመድ

በዚህ ክሊኒክ አራት ዓመት ሙሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኔትወርኩ ከጠፋ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። «እመት መወልወያ ገመዱን ነካካችው» ይባላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ካርድ ክፍሉን ስወለውል ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ራውተር ያለበትን ጥግ እንደተኛ ሕፃን ነው ዞሬ የማልፈው።

የሚያስተካክለው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ እንዲማር ብዬ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ቀርቻለሁ። ይመጣል፣ ሰማያዊዋን ገመድ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ኮንሶል ወደሚሉት ቀዳዳ ይሰካል፣ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ይነሳል። እሱ ይመሰገናል፣ እኔ እገሠጻለሁ። እሱ ገመዱን ጠቅልሎ ይሄዳል።

አምና ሲታመም በሱ ፈንታ አንዲት ቴክኒሺያን መጣች። ምኑ ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው ብዬ ጠየቅኳት። አልናቀችኝም። «ራውተሩ አሁን የምጽፍለትን በጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚይዘው፣ መብራት ሲሄድ ይረሳዋል፤ ሲነሳ የሚያነበው ሌላ ቦታ አለው፣ እዚያ ካላስቀመጡለት ባዶውን ይነሳል» አለችኝ። አንዲት መስመር ጨመረች፣ አበቃ። ከዚያ መብራቱ ቢሄድ ቢመጣ ስሜን ያነሳ የለም። ወንድሜ ድኖ መጣና ሁሉን አፍርሶ እንደገና ሠራው። ራውተሩም መርሳት ጀመረ።

ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ካልተበላሸ ማን ይፈልገኛል?»

ሌላ የሚጠራው መሥሪያ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ፊደል እየቆጠርኩ ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ከተደገመ ትሰናበቻለሽ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ተደገመ። በሽተኛው እስከ በሩ ተሰልፏል። ወንድሜ መጥቶ ጻፈ፣ ኮምፒውተሮቹ ተነሱ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቢሮው እንድከተለው ነገረኝ።

ወደ ወንድሜ ጠጋ አልኩና «ያቺን መስመር ጻፍ፤ አስቀምጥለት» አልኩት በቀስታ።

ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «እትዬ ደግሞ ከመወልወያው ወደ ኮንሶሉ አደገች!»

ካርድ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱ ሰማያዊዋን ገመድ መጠቅለል ያዘ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን «ጌታዬ፣ በደንብ የተሠራ ከሆነ ቢነቀልም መልሶ ራሱ ይነሳል፤ ይዩት» አልኩት። አራት ዓመት ያልነካሁትን የራውተሩን የመብራት ገመድ እያየኝ ነቀልኩት። መልሼም ሰካሁት።

አረንጓዴዋ መብራት በራች። ኮምፒውተሮቹ ግን አልተነሱም። ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ትቶ ወንድሜን አየው። ሰማያዊዋ ገመድ በግማሽ እንደተጠቀለለች እጁ ላይ ቀርታለች። ያንን እጅ ይዤ ነበር ትምህርት ቤት የማደርሰው።

ማየት አቃተኝ። መወልወያዬን አንስቼ ኮሪደሩን መወልወል ጀመርኩ።